የሳሙራዩ ደመወዝ ስንት ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን፣ «እስኪ አንድ ጥሩ ፊልም ንገረኝ፤ የአሜሪካው ሰለቸኝ» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ስልኬን አወጣሁና እዚያው ተቀምጬ የአሥራ ሁለት የጃፓን ታሪካዊ ፊልሞችን ስም ላክሁለት፤ ከነተሠሩበት ዓመት፣ ከነዳይሬክተሮቻቸው፣ የቱ ቀድሞ የቱ መከተል እንዳለበት ጭምር። አናቱ ላይ «ሰባቱ ሳሙራዮች»ን አስቀመጥኩ፤ ሳሙራይ የድሮ የጃፓን መሳፍንት ባለሰይፍ ሎሌ ነው። የአኪራ ኩሮሳዋ ነው፤ በ1954 የተሠራ (የፊልምም የጃፓን ታሪክም ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በላይ ምን ይመረጣል?

ሳምንት ቆይቶ እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ገባ፦ «ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አየሁ። ሰዎቹ የሚዋጉት መቼ ነው?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። «ይሄ ሰው ፊልም አይገባውም» ብዬ ስልኩን ደፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ጥያቄው አብሮኝ ተነሣ። ሰውዬው እኮ ሞኝ አይደለም። ያነባል፣ ታሪክ ይወዳል፣ ስለ ዐድዋ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ሦስት ሰዓት ከ27 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ሰዎቹ በጃፓንኛ እያወሩ እሱ በእንግሊዝኛ የሚያነበው ፊልም፣ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ።

ደግሞ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ለስንቱ ነገርኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ስማቸው ሁሉ ይመሳሰልብኛል» አለች። የእህቴ ባል «ይጮሃሉ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይቀድዳሉ፤ ሌላ ምን አለው?» አለ። ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ አመላችን ይታወቃል፤ ከዚያ አካባቢ የመጣ ፊልም ሁሉ «ካራቴ» ነው፤ እግር ወደ ሰማይ ካልተነሣ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል።

ባዕድ ነገር አንወድም እንዳልል፣ እነዚሁ ሰዎች በአማርኛ የተቀዳ የቱርክ ድራማ ሲሆን መቶ ክፍል አይሰለቻቸውም። የሱልጣኑን ሚስቶች ከነደንገጡሮቻቸው በስም ይጠራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የጃፓን ሩቅነት ሊሆን አይችልም። ምን እንደሆነ ያሳየችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ሳታስበው፣ እኔም ሳልጠይቃት።

«ካራቴ ነው?»

እማዬ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ለጉልበቷ ሕክምና ነበር። ክረምት ነው። ማታ ማታ የምትከታተለው ድራማ አላት፤ የዚያን ዕለት ግን ዝናቡ ዲሹን አነቃንቆት ቻናሉ ጠፋ። እኔም እሷ ጸሎቷን እስክትጨርስ ብዬ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና ለራሴ አንድ ፊልም ከፈትኩ። «ታሶጋሬ ሴይቤይ» ይባላል፤ «ድንግዝግዙ ሴይቤይ» እንደማለት ነው። ዮጂ ያማዳ በ2002 የሠራው ነው። ያማዳ ያኔ 71 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን የተራ ሰው ኑሮ የሚያሳዩ አስቂኝ ፊልሞች ሲሠራ ኖሮ፣ የሳሙራይ ፊልም ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌው ለሳሙራይ ዓለም አዲስ መሆኑ ይመስለኛል ፊልሙን እንዲያ ያደረገው። ሰይፍ ከማየቱ በፊት ጓዳ ያያል።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለች እማዬ፣ መቁጠሪያዋን እየጠቀለለች።

«የጃፓን ፊልም ነው።»

«ካራቴ ነው?»

«አይ፣ እማዬ። የድሮ ዘመን ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ልብሱ እንዲህ የተቀደደው?»

ሴይቤይ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ሳሙራይ መሆኑን የሚያሳውቀው ወገቡ ላይ የሻጣቸው ሁለት ሰይፎች ናቸው እንጂ ሥራው የጎተራ ስንቅ መመዝገብ ነው። ባልደረቦቹ ከሥራ ሲወጡ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳሉ፤ እሱ ድንግዝግዝ ሲል ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታለች። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆችና የጃጀች እናት አሉት። ማታ ማታ ከቀርከሃ የነፍሳት ማኖሪያ ጎጆ እየሠራ ይሸጣል። ገላውን የሚታጠብበት ጊዜ የለውም። አንድ ቀን ገዢው ራሱ ግምጃ ቤቱን ሊጎበኝ ይመጣና ሽታው ያውከዋል፤ የሰውዬው ውርደት በአውራጃው ሁሉ ይወራል።

«ሚስት የሞተችበት ሰው ነው» አለች እማዬ፤ እኔ ገና ምንም ሳልነግራት። ከዚያ ጎኔ ተቀመጠች። እኔም ከታች የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያየሁ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይታ፣ «ደመወዙ ስንት ነው?» አለች።

ፊልሙን አቆምኩት። ከዚያ ቀን በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ደመወዙን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ታሪኩን የምትተርከው ትንሿ ልጁ ናት፤ አርጅታ። እሷ ግን ገና ከመነሻው ትናገረዋለች፤ 50 ኮኩ ነው፣ ተቆራርጦ እጁ የሚገባው 30። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ያህል ሩዝ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎ የተሰፈረ። የመሳፍንቱ ሀብትም የሎሌዎቻቸው ቀለብም የሚለካው በዚሁ ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«ሠላሳ ሰው የሚያበላ ከሆነ ታዲያ ምን ጎደለው?»

በዚያው ሩዝ ልብሱም ዘይቱም መድኃኒቱም እንደሚገዛ፣ ከዚያም በላይ በሚስቱ ሕመምና ቀብር ዕዳ ውስጥ እንደገባ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «ዕድር የላቸውም እንዴ?» አለች።

ከዚያች ጥያቄ በኋላ እማዬ ከወንበሯ አልተነሣችም። እኔ ደግሞ ፊልሙን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ። ለሰው ፊልም ስመርጥ የምጠቀምባቸው ቃላት ትዝ አሉኝ፦ «ድንቅ ሥራ»፣ «የሲኒማን ታሪክ የለወጠ»፣ «ሳታየው እንዳትሞት»። እንዲህ የተባለ ሰው የሚሰማው «የቤት ሥራ ሰጠኝ» የሚል ነው። የቤት ሥራ የሚሰጥህን ሰው ደግሞ ትጠረጥረዋለህ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እማዬን ማንም የቤት ሥራ አልሰጣትም። የተቀደደ ልብስ አየች፣ ደመወዝ ጠየቀች፣ ገባች።

ትልቋ ልጅ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ትምህርት ትማራለች። አንድ ማታ አባቷን ትጠይቀዋለች፤ ስፌት ብማር ልብስ መስፋት እችላለሁ፣ መጽሐፍ ብማር ምን ይጠቅመኛል? ሴይቤይ ያስብና፣ የማሰብ ኃይል ታገኛለሽ ይላታል፤ ዓለም ምንም ብትለዋወጥ የማሰብ ኃይል ካለሽ እንደምንም ብለሽ ትኖሪያለሽ። እማዬ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ተራው የወንድሟ ነበር። «ድገመው እስቲ» አለችኝ። ደገምኩላት።

አንተና አንቱ

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

የሴይቤይ እናት ጃጅታለች ብያለሁ። ልጇን አታውቀውም። ዓይን ዓይኑን እያየች አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። የመጣው እንግሊዝኛ አጭር ነበር፤ ማንነቱን መጠየቋ ነው። እኔም ሳላስብ «አንተ ማነህ?» ብዬ መለስኩት።

«አይደለም» አለች እማዬ።

«ምኑ?»

«እንደሱ አትለውም። ካላወቀችው ‹አንተ› አትለውም። ‹አንቱ› ነው የምትለው። ‹አንቱ የማን ቤት ነዎት?› ነው።»

እማዬ ጃፓንኛ አታውቅም። እንግሊዝኛም አታውቅም። በኋላ ጃፓንኛ የተማረ ሰው አግኝቼ ያቺን ቦታ አስደመጥኩት። አሮጊቷ በአክብሮት ነው የምትጠይቀው፤ የየትኛው ቤተሰብ ሰው እንደሆነ። ያውም በሾናይ፣ በሰሜን ጃፓን ገጠር ዘዬ። ጨዋ ሴት ናት፤ የማታውቀው እንግዳ ሰው ቤቷ ገብቶ እየተንከባከባት ስለመሰላት እንደ ወጉ ታከብረዋለች። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ደልድሎ አልፎታል። እኔ ደግሞ ያንን ድልድል ወስጄ፣ በአማርኛ ላይ ያለውን ደረጃ ሁሉ ዘልዬ፣ «አንተ» ላይ ወደቅሁ። ለስንት ዓመት እንዲህ ሳይ ኖሬያለሁ።

እማዬ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «እናቴም እንዲሁ ነበረች» አለች።

አያቴ የሞተችው እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። እማዬ ገጠር ወርዳ ዘጠኝ ወር አስታመመቻት። የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ «አስታመመቻት» በሚል አንድ ቃል የተዘጋ ነገር።

«ፊቷን ሳጥባት ‹እሜቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የማን ልጅ ነዎት?› ትለኝ ነበር። ‹ያንቺ ነኝ እማዬ› እላታለሁ። ትስቃለች። ታፍራለች። መልሳ ‹እሜቴ፣ ይቀመጡ እንጂ› ትለኛለች። ‹አንቺ› ብላ ብትሰድበኝ እንኳ ደስ ባለኝ።»

ምን እንደምላት አጣሁ። ፊልሙ እንደቆመ ነው፤ የአሮጊቷ ፊት ቴሌቪዥኑን ሞልቶታል። ለካ አክብሮት እንዲህም ሊሆን ይችላል። ልጅ ከእናቱ አፍ «አንቱ» ሲባል ከቤት እንደመባረር ነው። ይህን በአማርኛ ለማስረዳት ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው እኮ የፍርድ ቤት ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ቀጥል እስቲ» አለች። ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ትርጉሙ የሁለታችን ሆነ። ሴይቤይ አንድ ሰው እንዲገድል ከበላይ ታዞ፣ ከመሄዱ በፊት ፀጉሩን እንድታበጅለት ቶሞኤን ያስጠራታል። ልጆች ሆነው አብረው የተጫወቱ ናቸው፤ እሷ ከእሱ ከተሻለ ቤት የተወለደች። እዚያ ቦታ ላይ ሊናገር የሚገባውን ለብዙ ጊዜ ያልተናገረውን ነገር ይናገራል። «አንቺ» ልበል «እርስዎ» ብዬ ስንተፋተፍ እማዬ ቀደመችኝ፦ «‹እርስዎ› ነው የሚላት። ስለሚወዳት ነው።» ትክክል ይሁን አይሁን አልመረመርኩም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ትዕይንት በሌላ መንገድ ማየት አልችልም።

መጨረሻውን አልነግራችሁም።

እና ከየት ይጀመር?

ዝርዝር መላክ አቁሜያለሁ። አሁን አንድ ስም ብቻ ነው የምሰጠው፤ ከመስጠቴ በፊት ደግሞ ሰውዬው ምን እንደሚያናድደው ለማወቅ እሞክራለሁ። ምን እንደሚያስደስተው ጠይቆ ፊልም መምረጥ ብዙ ጊዜ አልሠራልኝም፤ የሚያናድደው ነገር ይበልጥ ይናገራል።

አለቃ የሚያናድደው ሰው ካለ «ሃራኪሪ»ን ይይ፤ ሳሙራይ በክብር ለመሞት የገዛ ሆዱን የሚቀድድበት ወግ ነው ስሙ። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 የሠራው ነው። የሚከፈተው ጨለማ ውስጥ በተቀመጠ የጦር ልብስ ነው፤ የአንድ ትልቅ ቤት የቅድመ አያት መታሰቢያ፣ እንደ ታቦት የሚከበር። ካሜራው ሲጠጋው ባዶ ነው። ከዚያ ዘመኑ 1630 ነው፤ ጌቶቻቸው ተሽረው ቀለብ የተቋረጠባቸው ሳሙራዮች፣ ሮኒን የሚባሉት፣ ከተማውን ሞልተውታል። አንዱ ወደዚያ ትልቅ ቤት ይመጣና፣ ግቢያችሁ ውስጥ በክብር ሆዴን ቀድጄ እንድሞት ፍቀዱልኝ ይላል። የቤቱ ሹም ተንኮል ጠርጥሯል፤ ከእሱ በፊት እንዲህ ብሎ የመጣ ወጣት ነበር፣ ምናልባት ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው ያሰናብቱኛል ብሎ። በዚያ ወጣት ላይ የተደረገውን ለእንግዳው ይተርክለታል፣ ሊያስፈራራው። እንግዳው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ በተራው የራሱን ታሪክ ይጀምራል። ለረዥም ጊዜ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ከማውራት በቀር ምንም የለም። እኔ ግን እንደዚያ ልቤ የተሰቀለበት የውጊያ ፊልም አላየሁም።

የእህቴ ባል «ሆዳቸውን ይቀድዳሉ» ያለው ትዝ ይላችኋል። ያሳየሁት ይህንን ነው። ለሁለት ቀን አላናገረኝም፤ በሦስተኛው ቀን ደውሎ ስለ ሹሙ ተሳደበ። ሃራኪሪን የሚያወድስ ፊልም ጠብቆ፣ ሃራኪሪን ችሎት ያቀረበ ፊልም ነው ያገኘው። ኮባያሺ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ የዘመተ ሰው ነው፤ ከተራ ወታደርነት በላይ ማዕረግ አልቀበልም ብሎ እንደዚያው ጨርሶታል። እሱን ካወቃችሁ ባዶው የጦር ልብስ ሌላ ነገር ይሆንባችኋል። ዋናውን ሰውዬ የሚጫወተው ታትሱያ ናካዳይ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነበር፤ ስታዩት ግን ኑሮ ያደቀቀው የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። በነገራችን ላይ በዚህም በሴይቤይም ፊልም ውስጥ ቀርከሃ አለ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

«ሰባቱ ሳሙራዮች»ስ? አልተውኩትም። አሁን ግን ስለ ውጊያው አልናገርም፤ ስለ ምግቡ ነው የምናገረው። ወንበዴ የሚዘርፋቸው ገበሬዎች ጠባቂ ሊቀጥሩ ይወጣሉ፤ ደመወዝ የሚከፍሉት ግን የላቸውም። ያላቸው በቀን ሦስቴ ማብላት ብቻ ነው። ሩዙን ለሳሙራዮቹ ሰጥተው እነሱ ዘንጋዳ የመሰለውን የድሃ እህል ይበላሉ። ይህን የሰማው ሽማግሌ ሳሙራይ የሩዙን ሳህን ተቀብሎ፣ ይህን ሩዝ በከንቱ አልበላውም ይላል። ፊልሙ እዚያ ይጀምራል፤ ቀሪው ሁሉ የዚያ ሳህን ዕዳ ነው። በመካከሉ ዕረፍት አለው፤ እዚያ ላይ አቁማችሁ ቀሪውን ለነገ አሳድሩት፣ ኩሮሳዋ አይቀየማችሁም።

ሌላ የምወደው ቦታ አለ። ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ኪኩቺዮ ሳሙራይ ነኝ ብሎ የትውልድ ሐረጉን የሚያሳይ ጥቅልል ያወጣል። ሲያነቡት ጥቅልሉ ላይ ያለው ኪኩቺዮ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ሰርቆታል፤ ማንበብ ደግሞ አይችልም። ሰባት ቤት ድረስ ቆጥሮ ከማን ከማን እንደሚወለድ የሚያስረዳ ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ይህን ትዕይንት አብራችሁ እዩት።

ጊዜ የለኝም ለሚል የኩሮሳዋ «ራሾሞን» 88 ደቂቃ ነው። ሰይፍ ብቻ ነው የምፈልገው ለሚል ደግሞ ምንም ነውር የለውም፤ ሺንታሮ ካትሱ ዓይነ ስውሩን ዛቶኢቺን ሆኖ የሠራቸው 26 ፊልሞች አሉ፤ የትኛውም ላይ ቢገባ አይጠፋበትም። የማልመክረው የጃፓኑን ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤንኤችኬን «ታይጋ» የተባለ የታሪክ ድራማ ነው። ከ1963 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ታሪክ እሑድ እሑድ ማታ እየመጣ ዓመቱን ሙሉ ይፈጃል። ጃፓናዊ ቤተሰብ እራት ላይ ሆኖ የሚያየውን እኛ ከሃምሳ ክፍል ጋር ልንታገል? አንዱን ሞክሬ ዘጠነኛው ላይ ቀረሁ፤ ማን የማን አጎት እንደሆነ ጠፋኝ።

የኛ ጃፓን

ሴይቤይን ካየሁ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ።

እኛ አገር ጃፓን የቆየ ጥያቄ ናት። ጃፓን እንዴት ቀደመችን? ያልተባለበት ጊዜ የለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ድረስ ሄደው አይተው ተመልሰው ጽፈዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት፣ በ1889 በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ያ ትውልድ ጃፓንን ያየው ከአዲሱ መንግሥት መስኮት ነው፤ ባቡሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መርከቡን። የሚያስቀና ነገር ስለነበር መቅናታቸው አይገርምም።

ሴይቤይ ያለው ግን ያ መስኮት ከመከፈቱ አንድ እርምጃ በፊት ነው፤ የሳሙራዮቹ አገዛዝ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የተተከለበት 1868 ሊገባ ሲል። ያ ለውጥ የመጣው በእሱ ዓይነቱ ሰው ኪሳራ ነው። በ1876 አዲሱ መንግሥት ሳሙራዮች ሰይፍ ይዘው እንዳይወጡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ያ በኮኩ የሚለካው ቀለብ ቀርቶ ቦንድ ተሰጣቸው። እማዬ «ደመወዙ ስንት ነው?» ስትለኝ ሳታውቀው የነካችው ይህንን ነው። ሥልጣኔው ሲመጣ ያ 50 ኮኩ የት ገባ? «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች» ብለን ስንጠይቅ የግምጃ ቤቱን ጸሐፊ ቀለብ የጠየቀ ሰው አላውቅም። የጃፓን ታሪካዊ ፊልም ጥሩ ሲሆን የሚጠይቀው ግን ይህንን ነው፤ እኔ ለሰው ስመክር «ስለ ክብርና ስለ ሰይፍ ነው» ማለቴ ራሴንም ሲያታልለኝ ኖሯል።

ለዚያ ለመጀመሪያው ወዳጄ ከወራት በኋላ አንድ መልእክት ላክሁለት፦ «ታሶጋሬ ሴይቤይ። 129 ደቂቃ። ቀለም አለው። ደመወዙን ተከታተል።» መልሱ እንደልማዱ እኩለ ሌሊት ላይ መጣ፦ «ባለቤቴ እያለቀሰች ነው፤ ምን አድርጌያት እንደሆነ እናቷ ደውላ ጠየቀችኝ።» ሰባቱን ሳሙራዮች ግን እስካሁን አልጨረሰም።

እማዬ ዘንድሮ ለፋሲካ መጣች። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ዲሹም ተስተካክሏል። የሷ ድራማ ካለቀ በኋላ «ሾጉን»ን ከፈትኩ፤ የ2024ቱን፣ አሥር ክፍል ያለውን፣ አሥራ ስምንት የኤሚ ሽልማት፣ የአሜሪካኖቹን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የወሰደውን። በአሜሪካ ገንዘብ ይሠራ እንጂ አብዛኛው ንግግር በጃፓንኛ ነው፤ ተከታታይ ለለመደ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው። በ1603 አገሩን ጠቅልሎ የያዘውን የቶኩጋዋ ኢዬያሱን ታሪክ ስም ቀይሮ ነው የሚተርከው። ታላቁ መስፍን ቶራናጋ ሆኖ የሚጫወተው ሂሮዩኪ ሳናዳ ነው። ያው ሴይቤይ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። መስፍኑ በሐር ልብስ፣ በአጀብ ሲገባ መነጽሯን አስተካከለች።

«ይሄ ያ ደሃው አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«ጎሽ! አለፈለት በለኛ!»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሎሌዎቹ ግንባራቸውን ወለል አስነክተው እጅ ሲነሱት ዝም ብላ ታያለች።

«እናቱ ግን ሳታይለት» አለች።